የወር አበባ አይደለም አልኳቸው

ትናንት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጉድጓድ ሲገባ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አይተው፣ «ስንት ወርሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። እርጉዝ አይደለሁም። ገና መመረቄ ነው፣ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሆዴን የምጠብቅበት ሌላ ምክንያት ስላለኝ ነው።

አስራ አንደኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ከቡሬ ገበያ ድንች ሸጠን በጋሪ ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ጎማው ቦይ ውስጥ ሲገባ ወደቅኩ፤ የጋሪው ብረት እምብርቴ ላይ መታኝ። ተነሥቼ ሳቅኩ፤ እሸት በቆሎዬን እየጋጥኩ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ሽንቴ የቀይ ሥር ውኃ መሰለ። ለእማ ነገርኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እስክትነጺ ከቅዳሴ ቅሪ አለችኝ። የወር አበባዬ ገና ያለፈው ሳምንት እንደሄደ፣ ይኸኛው ስሸና ብቻ እንደሚመጣ ብነግራት፣ ሴት ልጅ እንዲህ አታወራም ብላ ተቆጣችኝ። አክስቴ ደግሞ መውደቄ ያለ ቀኑ አምጥቶት ነው ብላ ጤና አዳም አፍልታ አጠጣችኝ። ሰው ቅዳሴ ሲሄድ እኔ ሆዴን ይዤ በር ላይ እቀመጣለሁ።

ሕመሙ ሲብስብኝ ሽንቴን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁና ምሳ እየበሉ ያሉት አባ ፊት አስቀመጥኩት።

«አባ፣ ይኸን ይዩልኝ። ሽንቴ ነው።»

እማ ፊቷን ሸፈነች። አባ ጠርሙሱን አዩት። እጃቸውን ሳይታጠቡ ጋሪ ሊጠሩ ወጡ።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ሁለቱ ኩላሊቶቼ ስፈጠር ጀምሮ ከታች እንደተጣበቁ ነገረን። የሌላው ሰው ኩላሊት ጎድን አጥንት ሥር ይሸሸጋል፤ የኔ ግን ሆዴ ውስጥ አከርካሪው ላይ ተጋድሟል። ሌላውን የሚያስቅ አወዳደቅ የኔን ሰንጥቆታል። ደሙ ካልቆመ ባሕር ዳር ሄዶ ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም ኩላሊቱ የተጣበቀ ስለሆነ ቀላል አይደለም አለ።

እማ፣ «እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ የወለድኳት?» አለችው።

«ማንም አላጠፋም፣ እናቴ። አሁን ተኝታ ሽንቷ እስኪጠራ እያዩ መጠበቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን መስኮት ላይ ወደ ብርሃን አንሥታ የምታየው እማ ሆነች። አንድ ቀን፣ «ዛሬስ ጠላ መስሏል» ስትል የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እየቀጠነ፣ እየጠራ ሄደ። ሳልቀደድ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ቂም ይዤባት ነበር። ደግሞ አልፈርድባትም፤ እሷንም የሚጠይቃት ሳታገኝ ነው ያደገችው። ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ደም አየሁ ብላ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለቻት። እማ ድምጿን አልቀነሰችም።

«ከየት ነው የመጣው? ስትሸኚ ነው?»

የእህቴስ እውነትም የወር አበባ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ያን ጊዜ ይችን ብቻ እንድትጠይቀኝ ነበር የፈለግኩት።