ስድስተኛው ተሸካሚ

ቀኑ ህዳር አምስት ነበር። አምስት ነው እላለሁ እንጂ ልቤ አያምነኝም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀናቱ ይቀላቀሉብኛል፤ ምናልባት ሳምንት ቆይቶ ይሆናል። የማልጠራጠረው ጦርነቱ ሦስተኛ መኸሩን መያዙን፣ ተርኖፒል ከተማ አጠገብ ያለችው መንደራችንም የእማማ ስቴፋ ሬሳ የሚሸከሙ ስድስት ወንዶች ማጣቷን ነው።

ኦሬስት ምድጃ ሠሪ ነው። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ቀን ላይ ደጅ አልታየም። መንደሩ ከጦር መልማዮች የሸሸገው ለፍቅር ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሰው የሚያሞቀው የጡብ ምድጃ ነው፤ ጡብ ደርድሮ ጭስ በወጉ የሚያስወጣ ከእሱ ሌላ አልቀረም። ከቤት ቤት የማዘዋውረው እኔ ነበርኩ፤ ከመኪናዬ የኋላ መቀመጫ እግር ሥር አስተኝቼ የድንች ጆንያ እደርብበታለሁ። መልማዮቹ እኔን አይነኩኝም። እዚህ ተምሬ፣ እዚሁ አግብቼ ሠላሳ ዓመት ብኖርም ፓስፖርቴ የሌላ አገር ነው። የተወለድኩበት አገር ለዚህ ነገር “አፈሳ” የሚል ቃል አለው። ታላቅ ወንድሜ ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ሲያስል፣ እናቴ ድምፁን ለመሸፈን አብራው ስትስል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እዚህም ወንድ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ መክተትን የሚጠሩበት፣ ከአውቶቡስ ስም ያወጡት ቃል አለ።

በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አልነበረም። ወንዶቹ ለመመዝገብ ይጋፉ ነበር። የመጀመሪያው አስከሬን ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ መንገድ ዳር ተንበረከከ፤ ኦሬስትም ከጎኔ ነበር። አሁን አስከሬን ሲያልፍ የሚንበረከኩት አሮጊቶች ናቸው። የቀረው ወንድ በመጋረጃ ጥግ ያያል።

እማማ ስቴፋ ከሁለት ልጆቻቸው ታላቁን ቀብረዋል፤ የታናሹ ደብዛ ከጠፋ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖት ነበር። መስከረም ላይ ምድጃቸው ተሰነጠቀና ኦሬስትን ይዤላቸው ሄድኩ። ገና ከጆንያው ሥር ሲወጣ፣

“መጣህ አንተ አይጥ!” አሉት። “የሰው ልጅ በጭቃ ጉድጓድ ያድራል፤ አንተ ከጓዳ ጓዳ ትሮጣለህ።”

“አይጥማ ጭቃ አያቦካም እማማ። ያቺን ጡብ ያቀብሉኝ።”

“አቀብልሃለሁ። ቢያጨስ ግን ደውዬ የማስወስድህ እኔው ራሴ ነኝ።”

“ካጨሰ ሳይጠሩኝ ራሴ እሄዳለሁ፤ ከእርስዎ ምላስ መድፍ ይሻላል።”

ሳቁ። ከዓመት በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እየሰደቡ አበሉት። ምድጃው አላጨሰም። በሦስተኛው ቀን ጀርባቸውን ሞቃቱ ጡብ ላይ አስደግፈው፣

“ኦሬስት፣ ስሞት በትራክተር ተጎታች እንዳይወስዱኝ” አሉት። “ቀይ ሥር አይደለሁም። በሰው ትከሻ ነው የምፈልገው።”

“ወንድ የት አለና እማማ?”

“አንተ አለህ። ለአንድ ቀን ከጉድጓድህ ውጣ።”

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን አልሳቀም። እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ እየፋቀ፣ “እሺ” አለ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞቱ።

እዚህ ዘመድ ሬሳ አይሸከምም። ስድስት ባዕድ ወንዶች ይፈለጋሉ፤ በየአንዳንዳቸው ክንድ ላይ ጥልፍ ፎጣ ይታሰራል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አምስት ነበርን፤ እኔ፣ አንድ እጁን ግንባር ትቶ የመጣው የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ከስልሳ ያለፉ ሦስት ሽማግሌዎች። ስድስተኛው ፎጣ በሚሮስላቫ እጅ ቀረ። ሚሮስላቫ የሟቿ ምራት ናት፤ የታላቁ ልጅ ሚስት።

“ትራክተሩን ጥሩት” አለች። “ቆመን ልናድር ነው?”

ያን ጊዜ ኦሬስት ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ብቅ አለ። ጺሙን ተላጭቷል። ፀሐይ ያላየው ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል።

“አብደሃል? ተመለስ!” አለችው ሚሮስላቫ።

“ፎጣዬን እሰሪልኝ።”

“እሳቸው እንደሆኑ አይሰሙ! ማን ይፈርድብሃል?”

“እሰሪልኝ አልኩሽ።”

ክንዱ ላይ አሰረችለት። ሳጥኑን አነሳነው። ኦሬስት ከፊቴ ነበር። መራመድ የረሳ ይመስል እግሩ ከእኛ ጋር አልገጥም እያለ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ።

በመንደራችን የመልማዮቹ መኪና ሲመጣ ስልክ ላይ እንጽፋለን፤ “ወፍጮው ጋ ዝናብ አለ” እንባባላለን። ወደ መካነ መቃብሩ ግማሽ መንገድ ሲቀረን ስልኬ ደረቴ ኪስ ውስጥ ነዘረ። እጄ ከሳጥኑ ሥር ነበር። ከኋላችን የሚከተሉት ሴቶች ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ፤ መዝሙሩ ለአፍታ ሳሳ፣ ከዚያ ቀጠለ። ማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ኦሬስት አንዴ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ መልሶ ቀና አለ። የእሱም ስልክ ነዝሮት ይሁን ድንጋይ አደናቅፎት፣ አላወቅኩም።

የመልማዮቹ ሚኒባስ መቃብሩ በር ላይ ቆማለች። ከውስጧ የወረዱ ሦስት ሰዎች ቆባቸውን አውልቀው ቀብሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። እማማ ስቴፋን አወረድናቸው፤ ኦሬስት አፈር ጣለባቸው። ሲጨርስ ከሦስቱ አንዱ እያነከሰ መጣ።

“ሰነድ?”

“የለኝም።”

“ለሬሳ እንኳ አታፍሩም?” ጮኸች ሚሮስላቫ።

“እህቴ፣ ጓዶቼ ተቀያሪ ሲጠብቁ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው” አላት ሰውየው፤ ድምፁን ሳያነሳ። “ግማሾቹ ከዚሁ ወረዳ ናቸው።”

 ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ “የእኔ ልጅስ? ግንባር ያለው እሱስ ሰው አይደለም?” አለች። ማን እንደሆነች ዞሬ አላየሁም። የቀሩት መሬት መሬት አዩ።

ኦሬስት ፎጣውን ከክንዱ ሳይፈታ ሄደ። ማንም አልጎተተውም። በአፈር የቆሸሸ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሚኒባሷ ውስጥ ገባ።

እየሮጥኩ ወደ መኪናዋ ተጠጋሁ። ስልኩ ሲነዝር ሰምቶ እንደሆነ፣ ሰምቶ ነው ወይ የቀጠለው ብዬ ልጠይቀው ነበር። ስሙን ስጠራ በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሷም በወፍጮው በኩል ታጥፋ ሄደች።