ከመጀመሪያው ተውኔት ያልወጡት ሰው

ደብረ ማርቆስ ላይ አብረውን የክረምት ትምህርት የሚማሩ ከቁይ ከተማ የመጡ አንድ መምህር አሉ። ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጭቃ በለበሰ ቦቲ ጫማ ከሁላችን ቀድመው ይመጣሉ። ስልካቸውን ደብተራቸው ላይ አድርገው ደጋግመው ያዩታል፤ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በሦስት ሳምንት ስምንት ጥንታዊ ተውኔቶች መጨረስ አለብን። እኛ ስድስተኛው ላይ ስንደርስ እሳቸው ገና የመጀመሪያው ላይ ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ በቃላቸው ያልያዙትን ትተው ማለፍ አይሆንላቸውም።

«ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ደረሰ» አላቸው ትናንት ወጣቱ አስተማሪያችን።

«ልጄ፣ ይችን ሳልይዛት እንዴት ልለፍ?»

«እሺ፣ እስቲ የያዙትን ያሰሙን።»

ተነሡ። ጠፍታ የቀረች ልጁን የሚጠብቀውን ሽማግሌ ንግግር፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው እየተወዛወዙ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ አወረዱት።

«በሩን አልዘጋሁትም፤ ግቢ» ብለው አበቁ።

ቀጥሎ የምትናገረው ልጅቱ ናት። የእሷን ቃል እንዲያነብ የታዘዘ ሰው አልነበረም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገልጠው የክፍሉን በር ያዩ ነበር።