ኮሪን ስትፈተን ማንም አይታመም

በእኛ ሸለቆ በር አንኳኩቶ የሚገባ ፖሊስ ብቻ ነው። ሌላው ከፍቶ ይገባል። ኮሪን ስታምፐር ቤት የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታሞ ነው። ቁስሉን፣ ሳሉን፣ የልጁን ትኩሳት ይዞ ይመጣል፤ እሷም እራቷን ትታ ታየዋለች።

የነርስነት ዲግሪዋን ያገኘችው በኢንተርኔት ነው። እዚህ መስመር ሳይገባ፣ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትወጣ መኪናዋን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አቁማ፣ በቄሱ ዋይፋይ ተማረች። ያ አልበቃ ብሏት ሐኪም ሳትጠብቅ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ልትሆን ቀጠለች። የገፋፋናትም እኛ ነን። ሽማግሌው ሐኪማችን ጡረታ ወጥቶ ፍሎሪዳ ከሄደ ወዲህ ክሊኒኩ እንደተቆለፈ ነው፤ ሆስፒታሉ ከተራራው ማዶ ነው። ኮሪን ካላለፈች የሚከፍተው የለም። እኔ ደግሞ ባሌ ሃርላን ልቡ ደካማ ስለሆነ ስፈራ ነው የምውለው።

የመጨረሻው ፈተና ቅዳሜ ጠዋት ሆነ፤ በቤቷ፣ ኮምፒውተሩ በካሜራ እያያት። ከወንበሯ ከተነሳች ወይም ሰው ከገባ ይሰረዛል። ጎረቤቷና እንደ አክስቷ ስለሆንኩ ቤት ለቤት ዞሬ አስጠነቀቅኩ።

"ቅዳሜ አንገቱን በእጁ ይዞ የሚመጣ ቢኖር እንኳ ውሻ ነው የምለቅበት!"

ቅዳሜ ቁርስ ላይ ሃርላን ሹካውን ጣለ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቀው። አምቡላንስ ጠራሁ፤ መንገድ ላይ ነን አሉኝ። እነሱ መንገድ ላይ ነን ካሉ መቼ እንደሚደርሱ እግዜር ይወቀው።

"ኮሪንን ልጥራ" አልኩት።

"እንዳታደርጊው። ውሻ እለቃለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

"አንተ ሰውዬ፣ እየሞትክ ትቀልዳለህ?"

ሮጥኩ። በረንዳዋ ላይ ስደርስ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሩ ተቆልፏል፤ ተቆልፎ አይቼው አላውቅም። በመስኮቱ ፊቷ ይታየኛል። ባንኳኳ የዓመታት ልፋቷ ገደል ይገባል፤ ባላንኳኳ ባሌ። እንዳላንኳኳሁ በእግዚአብሔር እምላለሁ። ቀና አለችና አየችኝ። ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ።

አስፕሪን አስኘከችው፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ እጁን አልለቀቀችም። ሃርላን ተረፈ። ፈተናው ተሰረዘ፤ ትምህርቱ እንደገና የሚሰጠው በዓመቱ ነው አሏት።

"ይቅር በይኝ" ስላት፣ "አክስቴ፣ ዝም በይ እስቲ" አለችኝ። ዓይኗ ግን በልቅሶ አብጦ ነበር።

ክሊኒኩ እንደተቆለፈ ከረመ። በዚያ የበረዶ ወራት ስኳር ያለባት ጎረቤታችን ኦፓል እግሯ ቆስሎ፣ ሐኪም እስክታገኝ ስለዘገየች ተቆረጠ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን የሃርላን ልብ በኦፓል እግር ተለወጠ እያልኩ እሰቃይ ነበር፤ እሱም ሳል ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ዓመቱ ዞረ። የፈተናው ዕለት ገና ሳይነጋ ሃርላን የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

"ወዴት ነው?"

"ሆስፒታሉ ደጃፍ። ልቤ የሚቆም ከሆነ እዚያው ይቁም። ሁለተኛ ያቺን ልጅ ከወንበሯ አላስነሳም።"

አብሬው ሄድኩ። የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ኦፓል ከልጇ ጋር ቀድማን ተቀምጣለች። ቀጥሎ ሳንባውን የከሰል አቧራ የበላው ኤልቢ መጣ፤ ቀጥሎ የኤልቢ ምራት፣ ሆዷ ገፍቶ። ከዚያ ሸለቆው ሁሉ ተከታትሎ ደረሰ። ማንም ከማንም አልተማከረም። የታመመም የለም፤ ሁሉም እታመም ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው የመጣው። በመኪና መስኮት የበቆሎ ዳቦ ተቀባበልን።

"ደህና ነህ?" እለዋለሁ ሃርላንን በየደቂቃው።

"ገና አልሞትኩም" ይለኛል።

ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮሪን ናት።

"አክስቴ! የት ናችሁ? ቤት ለቤት ዞርኩ፣ አንድ ሰው የለም! ማን ሞተ?"

ሃርላን ስልኩን ነጠቀኝ።

"ማንም አልሞተም፣ ልጄ። ፈተናውስ?"

"አለፍኩ።"

ሃርላን በረጅሙ ተነፈሰ።

"በይ መጣን" አላት። "አሁን መታመም ይቻላል።"