የጎተራው ክዳን

ትናንት ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው የባሕር ማዶ ሰፈሬ ከሥራ ተመልሼ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ ጎረቤቴ ያጨደው ሣር ላይ ካፊያ ወርዶበት ኖሮ፣ ያ እርጥብ ሽታ እጄ ከመሪው ሳይነሣ ይዞኝ ሄደ፤ ወደ ልጅነቴ መንደር፣ ወደ ሰንበሌጡ፣ ወደ ገዳሙ ጎተራ።

ቦታው ሽማግሌዎች ሲነግሩን በጥንት ነገሥታት ዘመን ጸሎትና ጦር አንድ ላይ የያዙ መነኮሳት እርሻ ነበር፤ ያርሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ወራሪ ሲመጣ ደግሞ ቆባቸውን ጠበቅ አድርገው ጋሻ ያነሣሉ። ከእነሱ የተረፈውን ክብ የድንጋይ ጎተራ የሚከድነው መንደሩ ነው። ክዳኑ ለየቤቱ የተከፋፈለ ስለሆነ እናቶችና እኛ ልጆች ሰንበሌጡን ተሸክመን እንመጣለን፣ አባቶች ወጥተው የየራሳቸውን ወገን፣ የደረሳቸውን የክዳን ድርሻ፣ ያስራሉ፣ ክረምት ገብቶ ያፈሰሰ እንደሆነ የማን ቤት እንዳፈሰሰ አገር ያውቃል። አንድ ጊዜ እህሉን ሊባርኩ በገቡት በመንደሩ ቄስ በመምሬ ራስ ላይ የጎረቤታችን የአቶ ደምሴ ወገን ጠብ ጠብ ቢል፣ መምሬ “ደምሴ ዛሬ እኔን አጠመቀኝ” አሉና፣ ሰውየው እስከ መስቀል ድረስ ቀና ብለው አልሄዱም። የአባቴ ወገን አፍስሶ አያውቅም፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ስኮራ ነው ያደግሁት።

አምና ጎተራው ሊፈርስ ነው ሲባል እዚሁ አጠገቤ ኦሮራ ከተማ ያለን የአገሩ ልጆች ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ጋሽ ተፈራ፣ የእኚያው የአቶ ደምሴ ልጅ፣ ቆርቆሮ እናልብሰው ብለው ሁሉም ተስማማ። እኔ ስብሰባ ላይ መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን በስመ ሥላሴ ብዬ ተነሣሁ።

“ጋሽ ተፈራ፣ ቆርቆሮ ከለበሰ ከእንግዲህ ማን ሰንበሌጥ ተሸክሞ ይመጣል? ጎተራውን አድነን መንደሩን ልንበትነው ነው?”

ጋሽ ተፈራም፣ “የአባቴ ስም ዳግመኛ እንዳይነሣ ብዬ ነው እኮ” አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ቆርቆሮውም በዚያው ቀረ።

ወንድሜ ከአገር የላከውን ቪዲዮ እዚያው መኪናዬ ውስጥ ከፈትኩት። ዝናብ ነው፤ ጎተራው አዲስ ሰንበሌጥ ለብሶ እንደ ሙሽራ ቆሟል፣ ከውስጥ ሲታይ የአቶ ደምሴ ወገን ደረቅ ነው። በእኛ በኩል፣ ወንድሜ ራሱ ያሰረው ላይ፣ ውኃ ጠብ ይላል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ቪዲዮው ለእሳቸውም ደርሷል። “እኅቴ፣ ዘንድሮ መምሬን ያጠመቃችሁት እናንተ ናችሁ።”

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እንደ አባቴ የሚያስር እጅ ከእንግዲህ የለም፤ ማፍሰሳችንን የሚያውቅ አገር ግን አለን።