«የለም» የማይባልበት ሱቅ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት እዚሁ ጉኑኖ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር ለትንሿ ሱቄ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። እንዴት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ከትናንቱ ፔርሙስ ልጀምር።

ትናንት ጎረቤቴ ለአራስ እህቷ የምትወስደው ፔርሙስ ፈልጋ መጣች። መደርደሪያዬ ላይ ስላልነበረ ስልኬን አውጥቼ ሶዶ የሚገኙትን የጅምላ ነጋዴ፣ የሐጂ ሸምሱን ዌብሳይት ከፈትኩ። ከባለ አበባው ፔርሙስ ፎቶ ሥር «ወጥቷል። ሲገባ እንጠራችኋለን» ይላል። ከሥሩ ባለው ቦታ «ማርታ፣ ጉኑኖ፣ አንድ ፔርሙስ» ብዬ ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ጎረቤቴ።

«ምንም» አልኳት። ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሶዶ ከአክስቴ ጋር እየኖርኩ፣ በረከት የሚባል ወጣት በከፈተው የኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ከሰው ጋር ማውራት ስለምፈራ ከማሽኑ ጀርባ መቆም ይመቸኝ ነበር። ክረምት ላይ የዳሞታ ተራራ ጉም በሩ ድረስ ሲወርድ ማሽኑ እንደ ምድጃ ይሞቃል። እጄን ላዩ ላይ ዘርግቼ በበረከት ትከሻ በኩል ስክሪኑን አያለሁ። ፎቶ እንዴት እንደሚጫን፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚቀየር ያወቅሁት እንደዚያ ቆሜ ነው።

በረከት ለከተማው ነጋዴዎች ዌብሳይት ይሠራል። ሥራውን ይችልበታል፤ ሲያስረክብ ግን ይቸኩላል። «ሎግኢን ያደርጋሉ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ኤዲት ይላሉ፣ አፕዴት፣ በቃ!» ይላቸዋል። ሰዎቹም «እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል» እያሉ ይነሳሉ። እንዳልገባቸው ከኋላ ቆሜ ከጀርባቸው አውቅ ነበር። የተማረ ሰው ሲያስረዳ «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። እኔም ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ስቀመጥ አንድ ቀን እጄን አንስቼ አልገባኝም ብዬ አላውቅም።

ሐጂ ሸምሱ እንደዚያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከወጡት አንዱ ነበሩ። አባታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሰው ብርድ ልብስ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ሳህን በጅምላ ያከፋፍላሉ። ዌብሳይቱን ያሠራላቸው አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ነው። ሐሳቡም ጥሩ ነበር፤ ሃላሌና ጉኑኖ ያሉ ባለሱቆች ትራንስፖርት ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ዕቃው መኖሩን በስልካቸው እንዲያዩ ነው። ሐጂ «የስልኩ ሱቅ» ይሉታል። ችግሩ፣ የስልኩ ሱቅ ከተከፈተ ጀምሮ ምንም ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። ያለቀውም ያላለቀውም ዕቃ ሥሩ «አለ» እንዳለ ነው።

በረከት አንድ ቀን «ማርታ፣ አንቺ ሂጂና ፎቶዎቹን ቀይሪላቸው» ብሎ ላከኝ። ስደርስ አንዲት ሴት ከዝናብ ገብተው፣ ነጠላቸውን በሱቁ በር ላይ ይጨምቃሉ። እትዬ አስቴር ይባላሉ፤ ሃላሌ ሱቅ አላቸው።

«ሐጂ፣ ስልክዎ ብርድ ልብስ አለ ይለኛል፤ መደርደሪያዎ ባዶ ነው። የቱን ልመን?»

«እኔን እመኚ።»

«እርስዎንማ እንዳምን፣ ስልኩ ውስጥ ያለውም እርስዎ ነዎት። ፎቶዎ አለበት፣ ያውም እየሳቁ።»

የሱቁ ሠራተኞች ሳቁ። ሐጂ ግን ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ሲያፍሩ እንደዚያ ያደርጉ እንደነበር በኋላ አውቄያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ቅዳሜ እሄድላቸው ነበር። መደርደሪያውን ዞሬ አያለሁ፣ አዲስ የገባውን ፎቶ አነሳለሁ፣ ያለቀውን «የለም» አደርጋለሁ። ሐጂ ዝንጅብል የበዛበት ሻይና ትኩስ ቦምቦሊኖ ያስመጡልኛል። ዕቃ መጠየቅ ስፈራ አይተው የታሰረ ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጡኝና «ይህቺ የስልኩ ሱቅ ሥራ አስኪያጅ ናት» ብለው ለገዢዎች ያስተዋውቁኛል። በሕይወቴ ሰው አስፈልጎኝ ያውቃል እንጂ እኔ ለሰው አስፈልጌ አላውቅም ነበር። አንዳንዴ «እስቲ አሳዪኝ» ይሉኛል። አሳያቸዋለሁ፤ ግን ጣቴን አፈጥነዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከቻሉ ማን ይጠራኛል ብዬ ነው።

መስከረም ላይ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ወደ እናቴ መጣሁ። በዓሉ አለፈ፤ እናቴ ስላመማት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። የጎደሬው ማሳ አረንጓዴ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። እኔ እዚህ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላሁ ስጫወት፣ ሶዶ ብርድ ልብሱ አለቀ። ስልኩ ላይ ግን «አለ» ማለቱን ቀጠለ፤ እትዬ አስቴርም አምነው ከሃላሌ ድረስ መጡ።

ስመለስ ሐጂ አልተቆጡኝም። እናቴን ጠየቁኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ በስሜ ተዋሸ» አሉ። «አስቴር ሃያ ዓመት ከእኔ ገዝታለች። እስከ ቅዳሜ ታግሳኛለች። ቅዳሜ ስልኩ ያለውና ቤቱ ያለው ካልተገጣጠመ ሌላ ጋ ትሄዳለች። ብትሄድ አልቀየማትም። ንግግር አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አማናዬን በላሁባት።»

አማናውን የበላሁት እኔ ነበርኩ። «ዛሬ እርስዎ ራስዎ ይሠሩታል» አልኩ፤ ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝም። «ምን አልሽ?» አሉ። ደግሜ አልኩት።

ያን ሳምንት በየቀኑ ሄድኩ። ሎግኢን፣ ዳሽቦርድ የሚል ቃል አላወጣሁም። «ይኼ የሱቁ ቁልፍ ነው፣ ይኼ መደርደሪያው ነው» እያልኩ ነው ያሳየኋቸው። ስልኩን ከእጃቸው እንዳልነጥቅ ሁለት እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። አንድ ሳፋ ፎቶ አንስቶ ለማስገባት ግማሽ ቀን የፈጀብን ጊዜ አለ። አንዴ ጣራውን አነሱት፣ አንዴ ጫማቸውን። የጫማቸው ፎቶ «ሳፋ፣ ትልቁ» ተብሎ እስከ ማግስቱ ተለጥፎ ዋለ። ሐሙስ ዕለት ግን ሁሉንም ቻሉ።

ከአንድ ነገር በቀር። ያለቀው ዕቃ ጋ ሲደርሱ፣ «የለም» የሚለው ላይ ጣታቸው አየር ላይ ይቆማል። «አዛን ደረሰ» ይላሉ። ተመልሰው ይመጡና «ዓይኔ ደከመ፣ ነገ» ይላሉ። የገባቸው ነገር የጠፋባቸው መሰለኝ። ደግሜ አስረዳኋቸው፤ ጣታቸው ግን እንደቆመ ነው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ባለሱቅ ጆግ ፈልጎ ገባ። ጆግ ካለቀ ሰንብቷል።

«ጆግ ወጥቷል ወንድሜ። ሲገባ እጠራሃለሁ» አሉት ሐጂ።

ሌላዋ መጣች፤ ፍራሽ። «ወጥቷል እህቴ። ሲገባ እጠራሻለሁ።»

ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሱቅ ስመላለስ «የለም» የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ እንደማላውቅ ያኔ ልብ አልኩ። ሰዎቹ እስኪወጡ ጠበቅሁና «ሐጂ፣ የሚከብድዎት ቃሉ ነው?» አልኳቸው።

ቆባቸውን አወለቁ። «አባቴ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ ከሚዞርበት ጊዜ ጀምሮ» አሉ፣ «ለገዢ የለም ብሎ አያውቅም። ሰው ደጃችሁ ደርሶ የለም ካላችሁት የመለሳችሁት ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ነው ይለን ነበር። ስድሳ ዓመት ከዚህ ቤት ያልወጣ ቃል ነው። ይኼ በረከት የሚሉት ልጅ ደግሞ ሱቄ ግንባር ላይ ጽፎ ተጫን ይለኛል። ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

እየሮጥኩ ወደ በረከት ሄድኩ። መሮጡ ቀላል ነበር፤ መናገሩ ነው የከበደኝ። በማሽኑ ጀርባ ሳይሆን በፊቱ ቆምኩ።

«የለም የሚለውን አውጣላቸው» አልኩት። «ወጥቷል፣ ሲገባ እንጠራችኋለን በለው።»

ሳቀ። «ማርታዬ፣ በዓለም ላይ ያለ ዌብሳይት ሁሉ አለ፣ የለም ነው የሚለው።»

«ዓለም ሁሉ እዚያ ሱቅ አይገዛም።»

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በፊት መልሼለት አላውቅም። «ማን ነው ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚደውለው?» አለኝ።

«ሐጂ ናቸዋ። ሰዎቹ ስማቸውንና ስልካቸውን የሚጽፉበት ቦታ ሥራላቸው።»

እያጉረመረመ ቁጭ አለ። ፎቶ ኮፒ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች አስተናግጄ ሳልጨርስ ሥራው አለቀለት።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አዲሱን ጽሑፍ ሁለቴ አነበቡት። ብርድ ልብሱን ተጫኑ፣ ከዚያ ጆጉን፣ ከዚያ ፍራሹን። ሁሉም «ወጥቷል» ሆነ። እጄ ከኋላዬ ታጥፎ እንደነበረ ነው።

ቅዳሜ ገበያው ሞቀ። ሐጂ በር በሩን ያያሉ፤ እኔም አያለሁ። ረፋዱ አለፈ፣ እኩለ ቀን ሆነ፤ እትዬ አስቴር አልመጡም። ሌላ ጋ ሄደዋል አልኩ በልቤ። ሐጂ ሻይ እንኳ አላዘዙም። ያኔ ስልካቸው ጮኸ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው የሚያወሩት።

«ሐጂ፣ እኔ ነኝ፣ አስቴር። ያለሁት ሃላሌ ነው፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ስልኩን ባየው ወጥቷል ይላል። አሁን ነው እርስዎን የመሰለው። ስሜን ጽፌያለሁ፣ ሲገባ ይጠሩኛል። ፎቶዎን ግን ይቀይሩት፣ ወጥቷል እያሉ መሳቅ ምንድነው?»

ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለሱቁ ሰው ሁሉ ሻይ አዘዙ። እንደ ድሮው የታሰረ ብርድ ልብስ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ብርድ ልብሱ አልቋልና። ቆሜ ጠጣሁት። ማክሰኞ የምመጣበት ምክንያት እንደሌለ አውቄ ስለነበር ሻዩን ቀስ አድርጌ ነው የጠጣሁት።

በረከት ከዚያ ወዲህ ዌብሳይት ሲያስረክብ ባለቤቶቹን የማስተማሩን ሥራ ለእኔ ተወው። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሌሎችም ነበሩ። ሁሉም ጋ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆሜያለሁ፤ ሁሉም ጋ መጀመሪያ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ ለሰው እንዴት እንደሚናገሩ ሰምቻለሁ። ከዚያ አገባሁ፣ ወደ ጉኑኖ ተመለስኩ፣ ሱቅ ከፈትኩ። ዕቃዬን በሚኒባስ ሹፌር ስለማስመጣ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሶዶን አላየሁም።

ወደ ስልኩ ሱቅ ግን በየሳምንቱ እገባለሁ። ማን እንደሚሠራው ጠይቄ አላውቅም፤ ፎቶዎቹን አይቼ ነው የማውቀው። እስከ ዛሬ ከሳፋው ጎን የሐጂ ጫማ ጫፍ ትታያለች።

ዛሬ ጠዋት ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ስልኬ ጮኸ። ልጄን በአንድ እጄ ይዤ አነሳሁት። ድምፃቸው ትንሽ ደክሟል፤ ሱቁ ከኋላቸው ይጮኻል። እናቴን ጠየቁኝ፣ ባሌን ጠየቁኝ፣ ልጁን አገናኚኝ ብለው ትንፋሹን ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ፔርሙሱ ገብቷል ልጄ። አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?»