በጎን የምትታይ ኮከብ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ስለ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ነው። ደብረ ብርሃን ለምትኖረው እናቴ ይህን ስነግራት፣ «እስኪ አሳዪኝ» አለችኝ። የከተማው መብራት ግን እንኳን እሷን፣ ደማቆቹንም ያደበዝዛቸው ነበር።

አስተማሪ ሆኜ ጎረቤላ ከተመደብኩ በኋላ፣ በኅዳር አንድ ቅዳሜ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጨረቃም አልነበረችም። ገና እንደመሸ በባጃጅ የአንኮበርን አቀበት ወጣንና ቤት የሌለበት ሜዳ ላይ ወረድን። ባለባጃጁ መብራቱን አጥፍቶ ጠበቀን።

ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆየን። ከዚያ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጉትን ደማቅ ኮከቦች አሳየኋትና በአናቱና በአንዱ ክንድ መካከል ያለችውን ትንሿን እንድትፈልግ ነገርኳት።

«የለችም» አለች።

«እማዬ፣ ፊት ለፊት አትዪያት። ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ እዪ፤ በዓይንሽ ጥግ ትመጣለች።»

ስታይ ቆየች። «መጣች» አለች ቀስ ብላ። «ስፈልጋት ትሸሻለች፤ ስተዋት ትመጣለች።»

ከፀሐይ ያነሰችና የቀዘቀዘች ኮከብ እንደሆነች ነገርኳት። እንዲህ ደክማም ያለ መሣሪያ የምትታየው ቅርብ ከሚባሉት ኮከቦች አንዷ ስለሆነች ነው። «ቅርብ ናት ስንል ግን» አልኳት፣ «አሁን ዓይንሽ ውስጥ የገባው ብርሃን ከእሷ ከተነሣ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።»

እናቴ በሐሳቧ ወደ ኋላ ቆጠረች። «ሽማግሌዎቹ የመጡ ዓመት?»

«አዎ።»

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሞቷል። ዘመዶቹ ለአንድ ነጋዴ እንድትድረኝ ሽማግሌ ላኩባት። ማንም ከጎኗ ሳይቆም፣ «ልጄ ትማራለች» ብላ ከበር መለሰቻቸው። ዘመዶቹ እስከ ዛሬ በቅጡ አያናግሯትም።

«ያኔ የተቆጡኝን እዚህ አምጥቼ ባሳየኋቸው» አለች። ጋቢዋን ገልጣ እኔንም አለበሰችኝ።

ስንመለስ ባለባጃጁ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ኮከብ ቆጣሪ ናት እንዴ?» አላት።

«አይደለችም» አለችው፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። «የፊዚክስ መምህርት ናት። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።»

ጎረቤላ እስክንደርስ ስለ ኮከቧ ብርሃን ያስረዳችው እሷ ናት። አንዳንዱን አሳስታ ነገረችው፤ እኔም አላረምኳትም።