መሀል ሰፋሪው አባቴ

በሬዲዮ «ምርጫን የሚወስኑት ገና ያልቆረጡት መራጮች ናቸው» የሚል አዋቂ ስሰማ ደሜ ይፈላል። መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ወርደህ አባቴን ጠይቃቸው ማለት ያምረኛል።

ባለፈው ምርጫ መንደራችን ለሁለት ሲከፈል አባቴ ያልቆረጡ ሰው ነበሩ። ያንዱ ወገን ሰዎች ሲመጡ ያዳምጣሉ፣ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃሉ፣ «እስቲ ላስብበት» ብለው ይሸኛሉ። የሌላው ሲመጡም እንዲሁ። ይህን ማን ያምናል? አንዱ የዚያኛው ነው አላቸው፣ ሌላው የዚህኛው። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ያላቸውም አለ። እኔ ራሴ ሙያ በልብ ብለው የደበቁ መስሎኝ ነበር።

የምርጫው ዕለት ከኋላቸው ተሰልፌያለሁ። ወረቀታቸውን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡና ቀሩ። ሰልፉ አጉረመረመ፣ የሁለቱም ወገን ታዛቢዎች አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ፈራሁ። ላብ በላብ ሆነው ወጡና ማንንም ሳያዩ ወደ ቤት ሄዱ።

በእኛ አገር ሩዝ የሚታረመው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። ከምርጫው በኋላ ወንፈሉም ተሰነጠቀ። አባቴ ለሁለቱም ወገን እየሄዱ ጭቃ ውስጥ ሲያርሙ ከረሙ። የእኛ ተራ ደረሰና እናቴ ጠላውን ቀድታ፣ ምግቡን አሰናድታ ጠበቀች። ማንም ብቅ አላለም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ማሳው ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ አረሙ አይነቀልም።

ወደ አንደኛው ቡድን ሮጥሁ። «ዛሬ የአባቴ ተራ አይደለም ወይ?»

«እነዚያ ይመጡላችሁ የለ እንዴ?» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ወደ እነዚያ ሮጥሁ። «እናንተማ ሰው አላችሁ» አሉኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን።

ሦስታችን ገብተን እስኪመሽ ነቀልን። ሌሊቱን ዘነበ፤ ሲነጋ ማሳው ውሃ ሆኗል። ሩዙን አረም በላው። እኔም በአባቴ ላይ ጮህሁባቸው፦ «ላንዳቸው የእናንተ ነኝ ቢሉ ምን ነበረበት?»

«መጋረጃው ውስጥ እስክገባ እኔም አላወቅሁት። ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉኝ።

ያኔ አመንኋቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም።

አሁን የምኖረው ወረታ ነው። ዘንድሮ የምርጫ ወሬ ሲጀመር ልጠይቃቸው ወረድሁ። ሩዝ የዘሩት ከማሳቸው አንዱን ጥግ ብቻ ነው፤ ሌላው ጦሙን አድሯል። ደነገጥሁ። አመማቸው ብዬ፣ «ምነው አባዬ?» አልኋቸው።

«እኔና እናትሽ ብቻችንን የምናርመው ይህችን ነው» አሉኝ። «ማንን እንደምመርጥ ገና አላወቅሁማ።»